«ቢዘገይ … አይዘገይም»፦ ዕንባቆም ራሱን ይቃረናል ወይ?

ጥያቄ፦ በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ዕንባቆም 2፥3 ስለ ራእዩ «ቢዘገይ በእርግጥ ይመጣልና ታገሠው፤ እርሱ አይዘገይም» ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? መዘግየቱ ራሱ ምሕረት ነው የሚሉትስ ከየትኛው ቃል ተነሥተው ነው?

— ቅራኔው የአማርኛው ነው። ዕብራይስጡ ላይ ግሦቹ ሁለት ናቸው። ፊተኛው «ይትማህማህ»፣ ማመንታት፣ እግር መጎተት፤ ኋለኛው «ይአሔር»፣ ከቀጠሮ ማለፍ። ተርጓሚዎቹ ሁለቱንም «ዘገየ» አሏቸው። «ቢቆይ ጠብቀው፤ ቀኑ አያልፍበትም» ቢባል ይጠራል። እሳት ላይ የተጣደ ባቄላ ይቆያል እንጂ ዘገየ አይባልም፤ ዘገየ የሚባለው እንግዳው ቀድሞት ከደረሰ ነው።

— እዚያው ላይ ልጨምር። ያው ፊተኛው ግሥ ዘፍጥረት 19፥16 ላይ አለ፤ እግሩን የሚጎትተው ግን ሎጥ ነው። «በዘገየ ጊዜ» መላእክቱ የእርሱን፣ የሚስቱንና የሁለት ሴቶች ልጆቹን እጅ ይዘው ከከተማ ያወጧቸዋል፤ ምክንያቱም «እግዚአብሔር ስላዘነለት»። ምሕረቱ ያለው ጎትቶ ባወጣው እጅ ላይ ነው። «መዘግየት ሁሉ ምሕረት ነው» የሚል ሰው መጀመሪያ የግሡን ባለቤት ይፈልግ።

— ልክ ብለዋል። ምሥጢሩ የሚፈታው ግን 2ኛ ጴጥሮስ 3፥9 ላይ ይመስለኛል፦ ጌታ «አይዘገይም»፣ «ይታገሣል»። የግሪኩ ቃል «ማክሮቱሜይ» ነው፤ «ማክሮስ» ረጅም፣ ሩቅ፤ «ቱሞስ» ቍጣ። የግእዙ መዝሙር ከግሪክ የተመለሰ ስለሆነ 102፥8 ላይ (በአማርኛው 103፥8) የዚሁ ቃል ዘመድ «ርኁቀ መዓት» ሆኖ ገብቷል። እንግዲህ መዘግየት የመሰለን በመዓቱና በእኛ መካከል የተተወ ርቀት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ ዕንባቆም ላይ ታገሥ የተባለው ሰው ነው፤ ጴጥሮስ ላይ የሚታገሠው እግዚአብሔር ነው። የምንጠብቀው እርሱ እኛን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የዘገየው ግን ፍርድ ነው፤ ቪዛ ወይም ሠርግ ሲዘገይ ይህን ጥቅስ ማንሣት ከቦታው መንቀል ነው። ለዚያ «ለበጎ ነው» ይበቃል።

ጥያቄ፦ ርቀቱ ገደብ የለውም?

— አለው። ሉቃስ 13፥6–9ን ይመልከቱ። 3 ዓመት ፍሬ የታጣባት በለስ የተለመነላት «በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት» ተብሎ ነው። አንድ ዓመት ብቻ፤ እሱም ሥራ አለው፦ ዙሪያዋ ይኰተኰታል፣ ፋንድያ ይፈስስላታል። በአንድምታ (በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ) አካሄድ መጀመሪያ ነጠላው፣ ማለት የቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ፣ ይፈታል፤ ዛፉ ዛፍ፣ ፋንድያውም ፋንድያ ነው። «አንድም» ተብሎ ወደ ነፍስ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነጠላውን ሲዘል ነው፤ መኰትኰቻው ይረሳና «ተዋት» ብቻዋን ትቀራለች። ቁጥር 9 «ትቈርጣታለህ» ብሎ እንደሚያልቅም ማየት ነው።