«ላይቫ» የሚለው የፊንላንድ ቃል ከየት መጣ?

ተሻጋሪው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከሄልሲንኪ ወደ ታሊን በመርከብ ስሻገር አንድ ነገር ገረመኝ። ፊንላንዶች መርከብን «ላይቫ» ይሉታል፣ ማዶ ስትደርሱ ኢስቶኒያኖቹ «ላኤቭ»፣ ቋንቋቸው ዘመድ ስለሆነ እሱስ ይሁን። ስዊድንኛው ግን «ፋርቲግ» ነው፣ ጭራሽ አይገናኝም፣ ጓደኛዬ ደሞ ላይቫ ከስዊድኖቹ ወገን የመጣ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። እንዴት ሆኖ?

ቃል ቆፋሪ፦
ጓደኛህ ልክ ነው፣ ግን ከዛሬው ስዊድንኛ አይደለም፣ የስዊድንኛም የጀርመንኛም የእንግሊዝኛም እናት ከሆነው ቋንቋ ነው፣ ወደ 2000 አመት ወይ ከዛ በላይ ወደኋላ ሂድ። የዛን ዘመን ቃል ሊቃውንቱ መልሰው ሲገጣጥሙት «ፍላውያ» ይሆናል፣ የቫይኪንጎቹ ቋንቋ ውስጥ «ፍለይ» ሆኖ አለ፣ እሱም መርከብ ነው። አሁን እይ፣ የድሮ ፊንላንድኛ በሁለት ተነባቢ መጀመር አይወድም፣ እኛ ስፖርትን «እስፖርት» ብለን እናልፋለን እነሱ ግን የፊተኛዋን ቆርጠው ይጥላሉ። ፍ ወደቀች፣ «ላውያ» ቀረ፣ ከዛ ው እና ይ ቦታ ተቀያየሩና ላይዋ፣ ላይቫ። በኛ ፊደል ጽፈህ እየው ቁልጭ ይላል። ካላመንክ የባህር ዳርቻ የሚሉበትን «ራንታ»ን ተመልከት፣ ስዊድንኛው «ስትራንድ» ነው፣ ከሶስቱ አንዷ ብቻ አለፈች።

ዝም አይሉም፦
ስለዚህ ፊንላንዶች ጀልባ አያውቁም ነበር በላ ሃሃሃ

የቋንቋ ተማሪ፦
ኧረ በፍፁም! ትንሿ ጀልባ «ቬነ» የራሳቸው ናት፣ በሰሜን ያሉት የቋንቋ ዘመዶቻቸው ሳሚዎች «ፋናስ» የሚሏት ዘመዷ ነች፣ መቅዘፍ «ሶውታ»ም የራሳቸው ነው። መቅዘፊያውን «አይሮ»ን ግን ከዛው ከጀርመንኛ እናት ወሰዱ፣ ሸራውን «ፑርየ» ደሞ ከባልቲኮች፣ ማለትም ከነሊቱዌኒያኛ ወገን፣ ሊቱዌኒያኖች እስካሁን «ቡሬ» ይሉታል። እኔን የሚደንቀኝ አይሮ ነው፣ ስዊድንኛው ተሸራርፎ «ኦራ» ሆኗል እንግሊዝኛውም «ኦር»፣ ተበዳሪው ግን የድሮውን ድምፅ እንደታሸገ አስቀምጦታል።

ተሻጋሪው፦
ቆይ ሊቱዌኒያኖች መርከብን «ላይቫስ» ይሉ የለ እንዴ? እነሱስ ከዛው ነው የወሰዱት?

ቃል ቆፋሪ፦
አይ፣ እነሱ ከነፊንላንድኛ ወገን ነው የተበደሩት። ፍ ቀድማ ወድቃ፣ ው እና ይ ተገላብጠው ነው የደረሳቸው፣ «ስ»ን ብቻ ከቤታቸው ጨመሩበት።