ለትራክ የድሮው ኤስ2000 ወይስ አዲሱ ጂአር86? ወንድሜ ዱባይ ሊገዛ ነው

የሳቢያን መካኒክ
ሰላም ጀማዓ። ትልቁ ወንድሜ ዱባይ ነው ያለው፣ ስፖርት መኪና ገዝቼ አውቶድሮም (የዱባዩ የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ትራኩ) ካልነዳሁ ብሎ ተነስቷል፣ ሁለት ላይ ደርሷል፦ አንዷ ሆንዳ ኤስ2000 የመጀመሪያዋ ሞዴል፣ በ2 ሊትር ያለ ተርቦ 9000 አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) የምትጮኸው፣ ሌላኛዋ ቶዮታ ጂአር86፣ 2.4 ሊትሯ። ቤት ውስጥ መካኒክ እኔ ነኝና ማታ ማታ ቪዲዮ እየላከ "ምረጥልኝ" ይለኛል፣ እኔ ደሞ ድሬ ጋራዥ የሚገባልኝ ቪትዝና አይሱዙ ነው 😄 ልቤ ሆንዳዋ ጋ ነው አልዋሽም፣ ግን እሱ ትራክ ነድቶ አያውቅም፣ ብሩም መኪናዋን ከገዛ በኋላ ብዙ አይተርፈውም። በኋላ አገር ቤት እናስገባት እንዳንል በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ዝግ ነው። ምን ትላላችሁ?

ፈረስ መጋላ
ሆንዳዋን ይግዛ አቦ! ሐረር በፔጆ 404 ታክሲ ያደገ ሰው አሮጌ አይፈራም። ከምር ግን መንዳት የምታስተምረው እሷ ናት፣ ያቺ ሞዴል ስታቢሊቲ ኮንትሮል (መኪና ሲንሸራተት የሚያስተካክለው ሲስተም) የላትም፣ ያጠፋኸውን ኮምፒዩተር አይሸፋፍንልህም፣ ካምቢዮዋ ደሞ አጭር ሆኖ ጠቅ ጠቅ ነው የሚለው።

ደንገጎ ቁልቁለት
@ፈረስ መጋላ እሱማ ልክ ነህ፣ ግን ለጀማሪ ችግሩም እሱ ነው እኮ። ከ2004 በፊት ያሉት ኤስ2000ዎች ኩርባ መሃል ነዳጅ ድንገት ከለቀቅክ ኋላቸው ይከዳሃል፣ ሆንዳ ራሱ በ2004 የኋላ ሳስፔንሽኑን ያስተካከለው ለዚህ ነው። ጉልበታቸውም ወረቀት ላይ ተቀራራቢ ነው፣ የሆንዳዋ ግን ከ6000 በላይ ካልጎተትካት አይመጣም፣ ቶዮታዋ 3700 ላይ ሙሉ ጉተታዋን ትሰጥሃለች፣ ጀማሪ ደሞ ማርሽ ይሳሳታል።

የማርሽ ነገር ከተነሳ፣ ሆንዳዋን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ነው። አርፒኤም መገደቢያው የሚሰራው በነዳጅ ስትረግጥ ብቻ ነው፣ ከ5 ወደ 4 ልትመልስ ብለህ 2 ውስጥ ከከተትካት ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ነው፣ ማንም አያቆመውም፣ ያኔ የቫልቭ ሞላውን የሚይዘው ቆብ ይሰነጠቃል። መኪናዋ እየሄደች ትቆያለች፣ ገዢው የሚያውቀው በኋላ ነው። ስለዚህ የቫልቭ ክዳኑ ተከፍቶ ይታይ፣ ኮምፕሬሽንም ይለካ፣ "ሞተሩ ነክ አይደለም" በሚል ወሬ እንዳይገዛ።

ጋሼ ለገሃሬ
ልጆች ስለ ሞተር ብቻ አወራችሁ። ትራክ ላይ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ፍሬን ነው። ከደንገጎ ወደ ድሬ በፍሬን ብቻ የወረደ አይሱዙ የፍሬን ሸራው እንዴት እንደሚሸት ታውቃላችሁ አይደል፣ እዚያም ያው ነው። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 155 ይወርዳል፣ ያኔ ይፈላና ፔዳሉ መሬት ይነካል። የትኛዋንም ይግዛ ለትራክ የሚሆን የፍሬን ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ሳያስገባ እንዳይነዳ። ሆንዳዋ ደሞ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ጨርቅ ነው፣ ብዙ ቦታ ስትገለበጥ ጭንቅላት የሚያተርፍ ብረት ከወንበሩ ኋላ ካላስገጠምክ አያስነዱህም፣ እሱም ወጪ ነው። ከ2009 በኋላ ስላልተመረተች እቃዋም እየጠፋ ነው፣ አንድ ግድግዳ ከነካች ወንድምህ ያለቅሳል፣ ኢንሹራንስ ደሞ ትራክ ላይ የሆነውን አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

የሳቢያን መካኒክ
ጋሼ እናመሰግናለን 🙏 እንግዲያው ቶዮታዋ ናት። 2022 ሞዴል ያገለገለች አግኝቷል፣ አንድ ሰው ግን ዘይቷ ላይ ችግር አለባት ብሎ አስፈራራው፣ እውነት ነው?

ደንገጎ ቁልቁለት
አለ። ሲገጣጠም የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው ዘይት መያዣ) ላይ ሲሊኮን በብዛት ስለሚቀባ ቁራጩ እየተላጠ ዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ የተገኘባቸው አሉ፣ ረጅም የቀኝ ኩርባ ላይ ደሞ የዘይት ፕሬሸሯ ሲወርድ ታይቷል። ኮፓውን አስወርዶ ወንፊቱን ይይ፣ ዘይት ማቀዝቀዣ ያስገጥም፣ በዛ ሙቀት ያለሱ አይሆንም። ዋራንቲ ካላት ግን ሳይነካካት አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ኮፓው ሲፈታ የወንፊቱን ፎቶ ላክልንማ።

ፈረስ መጋላ
በቃ ሆንዳዋን ተዋችኋት?? የሻጩን ስልክ በውስጥ ላክልኝ፣ እኔም ዱባይ አጎት አለኝ 😂