ጠዋት ጠዋት ቀጭ ቀጭ ለሚል የፒክአፕ ሊፍተር የትኛው ዘይት ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ስለ ሞተር ዘይት ምክር ፈልጌ ነው።

መኪናዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ባለ 2.4 ናፍጣ፣ አዲሱ ሞተር የሚሉት። 140 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሥራዬ ጭነት ነው። ከቢቸናና ከደብረ ወርቅ ጤፍ አመጣለሁ። በወር ሁለት ሦስቴ ደግሞ ዓባይ በረሃን አቋርጬ አዲስ አበባ እገባለሁ።

ችግሩ ጠዋት ነው። ውጭ አድሮ 12 ሰዓት ላይ ሳስነሳው ከሞተሩ አናት ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሦስት ሰከንድ ብሎ ዝም ይል ነበር። አሁን ግማሽ ደቂቃ ይቆያል። ሲሞቅ ይጠፋል። የዘይት መብራት አይበራም፣ ጉልበቱም አልቀነሰም።

ዘይት የምገዛበት ሱቅ «ወፈር ያለ አድርግበት፣ 20ደብሊው-50 ድምፁን ያጠፋዋል» አለኝና ባለፈው ወር ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ሌላ ሰው ደግሞ ዘይቱ ላይ የሚጨመር መድኃኒት አለ ይለኛል። ሊፍተሩ፣ ያ የቫልቩን ክፍተት የሚሞላው ትንሽ ብረት፣ ጨርሶ ተበላሽቶ ሞተር ከማስከፈቴ በፊት ምን ዘይት ላድርግ? ቤተሰቤን የማስተዳድረው በዚሁ መኪና ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሾፌር፣ ከደጀን

ወንድሜ፣ እኔ በሳምንት አራት ቀን ዓባይን የምወርድ የምወጣ ሰው ነኝ። 20ደብሊው-50ን አትልቀቅ ነው የምልህ። ደጀን ላይ ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ እሳት ነው። ጭነት ይዘህ ወደ ጎሃ ፅዮን ስትወጣ ሞተሩ ይግላል። ቀጭን ዘይት እዚያ ውሃ ይሆናል። የኔ መኪና ዘጠኝ ዓመት በዚህ ዘይት ሠርቷል፣ አንድም ቀን የሊፍተር ድምፅ አልሰማሁበትም።

መካኒክ፣ ከፍኖተ ሰላም

የደጀኑ ወንድሜ፣ መኪናህ ምንድን ነው? የቆየ ኢሱዙ ከሆነ የሊፍተር ድምፅ ያልሰማኸው በዘይቱ ምክንያት አይደለም። በዘይት የሚሠራ ሊፍተር ስለሌለው ነው።

ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ሁሉም ፒክአፕ ዘይት የሚሞላው ሊፍተር የለውም። የቆዩት የኢሱዙ ናፍጣ ሞተሮች፣ 4ጄኤ1ም ሆነ 4ጄቢ1፣ ቫልቫቸው በብሎን ነው የሚስተካከለው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.40 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይሰጠዋል። ዲፎርዲ የምንለው የቀድሞው ሃይሉክስም፣ 1ኬዲና 2ኬዲ፣ ክፍተቱ የሚስተካከለው ውፍረቱ ተለክቶ በሚመረጥ ብረት ነው። እነዚህ ላይ ቫልቭ ከጮኸ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው። አሥር ዓይነት ዘይት ብታፈራርቅበት አይጠብም። ስንቱ ሰው ነው ገንዘቡን በዘይት የጨረሰው።

የጠያቂው ሞተር ግን 2ጂዲ ነው። የጂዲ ሞተሮች፣ 2.4ም 2.8ም፣ ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚሞላ ሊፍተር አላቸው። 16 ቫልቭ፣ 16 ሊፍተር። ስለዚህ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ።

ሊፍተር ትንሽ ብረት ናት። ውስጧ ሌላ ትንሽ ፒስተን አለ። ከፒስተኑ ሥር አንዲት ኳስ አለች። ኳሷ ዘይት ታስገባለች፣ ተመልሶ እንዳይወጣ ደግሞ ትዘጋለች። የታሰረው ዘይት አይጨመቅምና ፒስተኑ እንደ ጠንካራ ብረት ይቆማል፣ ክፍተትም አይኖርም። መኪናው ሲያድር አንዳንዶቹ ቫልቮች ተከፍተው ስለሚያድሩ ስፕሪንጋቸው ሊፍተሩን ተጭኖ ዘይቱን ቀስ በቀስ ያወጣዋል። ጠዋት የምትሰማው ቀጭታ ባዶዋ ሊፍተር እስክትሞላ ያለው ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ከሆነ አትጨነቅ። ግማሽ ደቂቃ ሲሆን ግን ወይ ዘይቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ወይ ኳሷ አልዘጋ ብላለች።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ ሞተር ከፍቼ ሊፍተሮቹን አንድ በአንድ ናፍጣ ያለበት ሳህን ውስጥ ነክሬ በአውራ ጣቴ ተጫንኳቸው። 13ቱ እንደ ድንጋይ ደረቁብኝ። ሦስቱ እንደ ስፖንጅ ገቡ። ሦስቱን ስፈታ ኳሷ የምትቀመጥበት ላይ ቡናማ ቅርፊት አገኘሁ። የጀበና አንገት ላይ የሚይዘውን ቡና ታውቁት የለ? ልክ እንደሱ ነው። በጥፍር ይነሳል። ባለቤቱ «ዘይቱ ገና ደህና ነው» እያለ በአንድ ዘይት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ይነዳ ነበር።

ስለዚህ ከዘይቱ ቁጥር በፊት ሦስት ነገር ንገረኝ። ዘይቱ ስንት ሺህ ሄዷል? ፊልትሮው አብሮ ተቀይሯል ወይ? ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ስትለካ ዘይቱ የት ላይ ነው?

የድንች ነጋዴ፣ ከኮሶበር

ጠያቂው ወንድሜ፣ እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። የኔ ዲፎርዲ ነው፣ ባለ 3.0። ኮሶበር ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት መስታወቱ ላይ አመዳይ ተጋግሮ የሚገኝበት ቀን አለ። ቀጭ ቀጭ ሲል ሁሉም ሊፍተር ነው አሉኝ። ሦስት ዓይነት ዘይት ቀየርኩ። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ አንድ ልጅ ረጅም ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። አራቱንም ኢንጀክተር፣ ናፍጣ የሚረጩትን፣ ዞሮ ሰማ። እኔንም አሰማኝ። ሦስተኛው ላይ ጠቅታው ጆሮ ይበሳል። ሥሩ ያለችው የመዳብ ቀለበት ጋዝ ታሳልፍ ነበር። ጥቀርሻው ወደ ዘይቱ እየወረደ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ግማሹን ደፍኖት ተገኘ። ትንሽ ብቆይ ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀር ነበር። ከዘይቱ ይልቅ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁ።

መካኒክ፣ ከፍኖተ ሰላም

እህቴ፣ ይህን ማንሳትሽ ትልቅ ነገር ነው። ያ የመዳብ ቀለበት 1ኬዲን ብዙ ሞተር አስከፍቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በድሮ ናፍጣ ሞተር የኢንጀክተሩን ቧንቧ እያላላን የትኛው እንደሚጮህ እንለይ ነበር። ዲፎርዲና ጂዲ ላይ ይህን አታድርጉ! ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። በካቻቢቴ ስትሰሙም ጋቢ ወይም ፎጣ ለብሳችሁ ሞተር ላይ አትጎንበሱ። ቺንጊያው ይስበዋል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ለካሁት።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ሙሉ አልፏል። ለካ ልጁ ሁለት ባለ 4 ሊትር ጀሪካን እስከ መጨረሻው ነው የገለበጠበት። መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይትም ጥቃቅን አረፋ አለው። ፊልትሮውን ጠይቄው «ገና ነው» ብሎ አሮጌውን ትቶታል። ዘይቱ የሄደው 1,800 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ የቀድሞው ግን 11 ሺህ ገደማ ሄዶ ነበር። በካቻቢቴም ሰማሁ። ኢንጀክተሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀጭታው ከቫልቭ ክዳኑ በስተኋላ በኩል ይጠነክራል።

መካኒክ፣ ከፍኖተ ሰላም

በል እንግዲህ፣ ግማሹን ራስህ ፈታኸው።

ዘይት ሲያንስ እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል። ሲበዛ እንደሚጎዳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከልክ ካለፈ የሚሽከረከረው ክራንክ ዘይቱን እየመታ እንደ እንቁላል ይደበድበዋል። አረፋ ይሆናል። አረፋ ማለት አየር ነው፣ አየር ደግሞ ይጨመቃል። ሊፍተሯ ውስጥ አረፋ ሲገባ ጠንክራ አትቆምም። ሳህን ላይ እንዳየኋቸው ሦስቱ ስፖንጅ ትሆናለች።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከደብሊው በፊት ያለው የብርድ ነው፣ ከኋላው ያለው የሙቀት ነው። 40 ቁጥር ዘይት 100 ዲግሪ ላይ ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ነው፣ 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ከታች ተስቦ አናት እስኪደርስ ይጓተታል። ሞተሩ በ20ደብሊው-50ም ይነሳል፣ አይነሳም አልልህም። የሚጎዳህ በየጠዋቱ የምታጣቸው ሰከንዶች ናቸው።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን የማደርገው 15ደብሊው-40 ነው። ለብርዱም ለበረሃውም ይበቃል። የመኪናው መመሪያ ከፈቀደው 10ደብሊው-30ም ለጠዋቱ ይሻላል፣ ጭነት ይዘህ በረሃ ለምትገባ ግን 15ደብሊው-40 ልቤን ያሳርፈዋል። ጀሪካኑ ላይ ኤፒአይ የሚለውን የደረጃ ምልክት እይ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ነው፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ። ሲአይ-4 ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣውን ያዝ። የናፍጣ ዘይት ጥቀርሻውን በትኖ የሚይዝ ማጽጃ በብዛት አለው። ለቆሻሻ ሊፍተር የምፈልገውም እሱን ነው።

ፊልትሮው ላይ አትሰስት። ደህናው ፊልትሮ ውስጡ የጎማ መዝጊያ አለው፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ ይይዘዋል። ርካሹ ላይ ጎማው ይደርቃል ወይ ከነጭራሹ የለም። ያኔ በየጠዋቱ መስመሩ ባዶ ሆኖ ነው የምትነሳው።

መድኃኒቱን ተወው። ሞተር አጣቢ የሚሉትንም። ያረጀ ቅርፊት ባንዴ ከተነሳ የመሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። እህታችን የነገረችን ዓይነት ነገር ይመጣል። ከዚያ ይልቅ አዲሱን ዘይት 2,500 ላይ ድፋው፣ ቀጣዩንም እንዲሁ። ቆሻሻው ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በየ5,000ው።

መለዋወጫ ሻጭ፣ ከባሕር ዳር

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ይታይ። አንዳንዱ አዲስ ሃይሉክስ ማርሚታው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ አለው። እሱ ካለ ሲአይ-4 አይሆንም፣ አመዱ ብዙ ስለሆነ ማጣሪያውን ይደፍናል። አመዱ ያነሰ ዘይት ነው የሚፈልገው፣ መመሪያው ለይቶ ይጽፈዋል። እኛ ሱቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ስትገዛም የክዳኑን ቀለበት እይ። ተሰብሮ የተገጠመ፣ ጠርዙ ላይ ሙጫ ያለው ከሆነ መልሰህ ስጠው። ጀሪካኑ ሲያልቅ ደግሞ ክዳኑን ሰንጥቀህ ጣለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሞላበት።

ሾፌር፣ ከደጀን

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ የኔ 4ጄቢ1 ኢሱዙ ነው። ቫልቩን በየጊዜው አስለካዋለሁ። ሊፍተር የለውም ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ወንድሜ፣ የኔን ምክር ላንተ አትውሰደው። ለዳገቱ ብቻ አንድ ነገር ልበልህ፦ ጎሃ ፅዮን ወይም ደጀን ስትደርስ ወዲያው አታጥፋው። ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይቁም፣ ተርቦው ይቀዝቅዝ። የጋለ ተርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት እዚያው ይጠበሳል። ያ የጀበናው ቅርፊት ከዚያም ይመጣል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

የጥቀርሻ ማጣሪያ እንደሌለው ሥሩ ገብቼ አረጋገጥኩ። መመሪያውን ከመኪናው ኪስ አውጥቼ አነበብኩ፣ 15ደብሊው-40 አለበት። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ደፋሁ፣ ደህና ፊልትሮ ገዛሁ። ፊልትሮውን ሳልገጥም ጣቴን ከትቼ ጎማውን ነካሁት፣ ለስላሳ ነው። ሲአይ-4 ገዝቼ አንዱን ጀሪካን ጨርሼ ሁለተኛውን እየለካሁ ጨመርኩ፣ ከላይኛው ምልክት ሳያልፍ ቆምኩ። የተረፈውን አስቀምጫለሁ።

በመጀመሪያው ጠዋት 20 ሰከንድ ገደማ ጮኸ። ልቤ ወደቀ። በሳምንቱ ወደ አምስት ወረደ። አሁን 12 ሰዓት ላይ ሳስነሳው ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ትናንት ግን ሁለት ቀን ቆሞ ስለነበር አምስት ሰከንድ አደረገ፣ ከዚያው ከኋላ በኩል። ባለፈው ሳምንት ጤፍ ጭኜ በረሃውን ወጥቻለሁ፣ የዘይት መብራቱም የሙቀት መለኪያውም ምንም አላሳዩም። ጋሼ፣ ያቺ የኋላዋ ታስፈራለች ወይስ ልተዋት?

መካኒክ፣ ከፍኖተ ሰላም

ሁለት ቀን ቆሞ አምስት ሰከንድ ቢል ሞተር አያስከፍትም። ከሞቀ በኋላ ከጮኸች ወይም የዘይት መብራቱ በሚኒሞ ብልጭ ካለ ግን ወዲያው አቁም፣ ያኔ የዘይቱን ግፊት በጌጅ እንለካለን።

2,500 ሲሞላ ስትደፋው መጀመሪያ የሚወርደውን ነጭ ጨርቅ ላይ አጥልለው። ጥቁር ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያብለጨልጭ ብረት ካየህበት ግን ጨርቁን ሳትጥል ይዘህልኝ ና።