የድሬዳዋ ሕዝብ ብዛት ሲባል የትኛው ወሰን ነው የሚያዘው?

ጠያቂ፦
ለተማሪዎቼ የድሬዳዋንና የሐረርን መልክዓ ምድርና አስተዳደር የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የድሬዳዋን ሕዝብ አንዱ ጽሑፍ 341,834፣ ሌላው 233,224 ይለዋል፤ ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። የትኛውን ልያዝ? ሰፈሮቹንስ በቀበሌ ቁጥር ብቻ ዘርዝሬ ብተዋቸው ይበቃ ይሆን?

መልስ 1፦
ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው የመላው አስተዳደር፣ ሁለተኛው የከተማው ብቻ ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከዘጠኙ የከተማ ቀበሌዎች ሌላ ማሽላ የሚያመርቱና ከብት የሚያረቡ በርካታ የገጠር ቀበሌዎችን ያቅፋል፤ በቆጠራው ጊዜ ከተማ ውስጥ ይኖር የነበረው ከሕዝቡ 68 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ከሐዋሳ ወይም ከመቀሌ ከተማ ጋር ሲያነጻጽሩ ሁለተኛውን፣ ከክልሎች ጋር ሲያነጻጽሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ይያዙ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዓመቱን ከቁጥሩ ጎን መጻፍ የግድ ነው።

ክልል ብለው እንዳይጽፏት ደግሞ አደራ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት ክልሎች መካከል ድሬዳዋ የለችም፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በወጣው ቻርተር የምትመራ፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ናት። የሚያዋስኗት የሶማሌና የኦሮሚያ ክልሎች ናቸው።

መልስ 2፦
የቀበሌ ቁጥር ለመታወቂያ ይበጃል እንጂ ከተማዋን አያሳይም። እኔ ብሆን ከባቡሩና ከደቻቱ ወንዝ እነሳ ነበር። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ደጋ መውጣት ስላልቻለ በተራራው ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሜዳ አለፈ፤ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ተቆረቆረች። ከደቻቱ በስተ ምዕራብ ያለው ከዚራ በፕላን የተሠራ በመሆኑ መንገዶቹ ቀጥ ያሉና በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ናቸው። ተሻግረው ወደ መጋላ ሲገቡ መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ የቀፊራ ገበያም ይቀበልዎታል።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ልጆች በካርታ ላይ አይተው እንደ ተራ መስመር ሊያልፉት ይችላሉ። ነገር ግን በደቡብ ካሉት ተራሮች ላይ ሲዘንብ፣ ከተማው ጠብታ ሳይወርድበት እንኳ ጎርፍ ይወርዳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ሌሊት የደረሰው ደራሽ ውሃ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ይህ ያልተጻፈበት የድሬዳዋ መልክዓ ምድር ጎዶሎ ነው እላለሁ።

መልስ 3፦
ስለ ሐረር፣ ከመልስ 1 ላይ የተባለው ጥንቃቄ እዚህም ያስፈልጋል። በዚያው ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ሲሆን ከተማው ውስጥ የሚኖረው 99,368 ነበር። ክልሉ ስድስት የከተማ ወረዳዎችና ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ የተባሉ ሦስት የገጠር ወረዳዎች አሉት። ጀጎል ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በግንቡ የታጠረው አሮጌው ከተማ ስፋቱ 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በዩኔስኮ የተመዘገበው ጀጎል እንጂ መላው ሐረር ስላልሆነ፣ ለእርሱ የራሱን አንቀጽ ቢሰጡት ተማሪዎቹ አይደናገሩም።