ሪፐር 7 (የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም) ላይ የሁለት ትራክ ቴክ አብሮ መምረጥ እንዴት ነው?
ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። አንድ መሲንቆ ተጫዋች እየቀረጽኩ ነው፤ ድምፁ በአንድ ማይክ፣ መሲንቆው በሌላ፤ እያንዳንዱ በራሱ ትራክ። ድሮ ቴኮቹ (ደጋግሜ የቀረጽኳቸው) ተደራርበው ይቀመጡ ነበር። ሁለቱን ትራክ ግሩፕ አድርጌ፣ በኪቦርዱ ኤስ ቆርጬ፣ በቲ ቴኮቹን እየቀያየርኩ የሚጥመውን እወስድ ነበር። በ7 የመጣው ሌን ግን እያንዳንዱን ቴክ በየረድፉ ያስቀምጠዋል። የወደድከውን ቦታ በማውስ ጠረግ ማድረግ ነው፤ ለአንድ ትራክ እንዲያውም ከድሮው ይሻላል።

እኔ የተቸገርኩት ሁለት ሲሆን ነው። የድምፁን ስመርጥ የመሲንቆው ባለበት ይቀራል። ፉከራ ደግሞ በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) አይሄድም፤ የየቴኩ ፍጥነት ይለያያል! አንዱ ማይክ የሌላውንም ስለሚስብ የተለያየ ቴክ ሲገናኝ ወዲያው ያስታውቃል። ሁለቱ አብረው እንዲመረጡ የሚያደርገው ቅንብር የቱ ጋ ነው? የድሮው አሠራር አሁንም እንዳለ አውቃለሁ፤ መልመድ የፈለግኩት አዲሱን ነው።