የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች በወረርሽኝ ጊዜ አይሲዩ ሲመደቡ ምን ይሥሩ?

የሥልጠና አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሆስፒታላችንን የወረርሽኝ ዝግጅት ዕቅድ እየከለስን ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ጊዜ እንደታየው፣ የቀጠሮ ኦፕሬሽን ሲቆም የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያሉ ሐኪሞች) ወደ አይሲዩ፣ ማለትም ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ መላካቸው አይቀርም። ቬንቲሌተርን (የመተንፈሻ ማሽኑን) የሚያውቁት ግን በኦፕሬሽን ጊዜ ከመጋረጃው ማዶ፣ በሰመመን ሐኪሙ በኩል ሲሠራ ነው። ለሥልጠና ሦስት ቀን ብናገኝ ነው። በምን እንጀምር? ምኑን ባይነኩ ይሻላል?

የሰመመን ሐኪም፦ ከሚችሉት ጀምሩ። ሴንትራል ላይን (በትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ)፣ ቼስት ቲዩብ (በደረት የሚገባ ቱቦ)፣ ትራኪኦስቶሚ (አንገት ላይ የሚከፈት የመተንፈሻ ቀዳዳ)። ለእነዚህ ብቻ የሚጠራ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሠራ ቡድን ብታቋቁሙ የሰመመን ሐኪሙ ለቬንቲሌተሩ ጊዜ ያገኛል። ኢንቱቤሽን (በአፍ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት) ግን አትስጧቸው። የደሙ ኦክስጅን ወደ 80 በመቶ የወረደ ሕመምተኛ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያሽቆለቁል የመጀመሪያው ሙከራ የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ከቬንቲሌተር አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ ይህ ይሁን፦ ታይዳል ቮልዩም (ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር) የሚሰላው ከቁመት በሚገመት ክብደት እንጂ በሚዛን አይደለም። ይህ ክብደት በኪሎ ለወንድ 50 + 0.91 × (ቁመት በሴ.ሜ − 152.4)፤ ለሴት በ50 ፈንታ 45.5። ቁመቱ 170 የሆነ ወንድ 66 ኪሎ ይወጣለታል፤ በኪሎ 6 ሚሊ ሲታሰብ 400 ሚሊ ገደማ። ያው ሰው ሚዛን ላይ 95 ኪሎ ስለሆነ በዚያ ከተሰላለት 570 ይገባበታል፤ የተጎዳ ሳንባ ይህን አይችልም። ለእያንዳንዱ ክፍል ሜትር ግዙ፣ የተሰላውም ቁጥር ራስጌ ላይ ይለጠፍ። ፕላቶ ፕሬዠር (አየሩ ገብቶ ሲቆም ሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት) ከ30 ሴ.ሜ ውሃ ካለፈ ማሽኑን ከመነካካታቸው በፊት ሲኒየር ይጥሩ።

የአይሲዩ ነርስ፦ በሆድ ማስተኛትን አትርሱ። ጉልበትም ቅንጅትም የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ሬዚደንቶቹ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማሉ። ቢያንስ አምስት ሰው ያስፈልጋል። ራስጌ የሚቆመው ቱቦውን የሚይዘው የሰመመን ባለሙያ ነው፤ ቆጥሮ የሚያዘውም እሱ ብቻ። ከመገልበጡ በፊት ምግቡ ይቁም፣ በጨጓራ ቱቦው ያለው ይሳብ፣ ዓይን በቅባት ተቀብቶ ይዘጋ፣ ቱቦው ስንት ሴ.ሜ ላይ እንደታሰረ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የኢሲጂው (የልብ ምት መከታተያው) ኤሌክትሮዶች ወደ ጀርባ ይዛወራሉ። ሕመምተኛው 16 ሰዓት ያህል በሆዱ ይቆያል፤ ፊቱና እጁ በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ ካልተቀየረ ጉንጩና አገጩ ይቆስላል። ከተገለበጠ በኋላ ኦክስጅኑ በድንገት ከወረደ መጀመሪያ የሚታየው ቱቦው ነው፦ ወጥቷል? ታጥፏል? በአክታ ተዘግቷል?

ደግሞ ሐኪም ሲጨመር ነርስ አብሮ ካልተጨመረ ትእዛዝ ብቻ ይበዛል። ሬዚደንቶቹ ማገላበጥና አክታ መሳብም ሥራቸው መሆኑ ከወዲሁ ይነገራቸው።

የኦክስጅን ነገር፦ ማዕከላዊ መስመር ከሌላችሁ የሲሊንደር ሒሳብም ይማሩ። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር 6000 ሊትር ገደማ ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 15 ሊትር ለሚወስድ ሕመምተኛ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በሃይ ፍሎው (በአፍንጫ በከፍተኛ ፍሰት በሚሰጥ ኦክስጅን) በደቂቃ 60 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን ከተሰጠው ግን 100 ደቂቃ ብቻ! ማታ ዲዩቲ የሚረከበው ሰው መጀመሪያ ጌጁን (የሲሊንደሩን የግፊት መለኪያ) ያንብብ፤ መቀየሪያው ሲሊንደርም ከነቁልፉ አልጋው አጠገብ ይቁም።

የሥልጠና አስተባባሪ፦ በጣም አመሰግናለሁ። የድንገተኛውን ክፍልስ እንዴት ታደርጉታላችሁ?

የሰመመን ሐኪም፦ ከሬዚደንቶቹ ግማሹን አትንኩት፤ እዚያው ይሥራ። የፈነዳ ትርፍ አንጀትና የመኪና አደጋ ወረርሽኝ ነው ብለው አይቀሩም። ሁለቱ ቡድኖች እንዳይቀላቀሉ አድርጋችሁ በየሁለት ሳምንቱ አፈራርቁ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፋል። በአሜሪካ የሬዚደንት ሥልጠናን የሚቆጣጠረው ኤሲጂኤምኢ እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ መስፈርቶችን ሲያላላ የሳምንቱን 80 ሰዓት ገደብ፣ የሲኒየር ክትትልንና በቂ ሥልጠናን ግን አላነሳም። እናንተም እነዚህን በጽሑፍ አስቀምጡ። ከሁሉ በፊት ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሬዚደንቱ የሚደውልለት የአንድ ሰው ስም በየዲዩቲው ዝርዝር ላይ ይጻፍ። «ሲኒየር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ማን እንደሆነ ሲፈለግ ሕመምተኛው ያልፋል።