ለኮሌጅ ተማሪ ካልኩለስ ይሻላል ወይስ የብድር ሒሳብ?

የአዘዞው ባለሱቅ፦ ሰላም ጎንደሮች። ዛሬ አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። ዩኒቨርሲቲ የገባ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ «ሒሳብ ለማኅበራዊ ሳይንስ» የሚባል ኮርስ ይወስዳል። ሎጂክ፣ ፈንክሽን፣ ማትሪክስ፣ ከካልኩለስም ቀመስ ይደረጋል። እኔ ይሄ ቀርቶ «ሒሳብ በዕለት ተዕለት ኑሮ» ይሰጠው ባይ ነኝ። ብድር፣ ዕቁብ፣ ግብር፣ የዋጋ ንረት። ታሪክ ተመርቄ ሱቅ ከፈትኩ። የካልኩለሱ ዴሪቬቲቭ አንድ ቀን አስፈልጎኝ አያውቅም።

የሒሳብ መምህሩ፦ የታሪክ ዲግሪህስ ስንት ኪሎ ስኳር ሸጠልህ?

የአዘዞው ባለሱቅ፦ ይቺ ገብታለች። ግን ስማኝ። አምና ሱቁን ላስፋ ብዬ 100 ሺህ ብር ተበደርኩ፤ ከማን የሚለው ይቅር። 18 በመቶ፣ በ12 ወር የሚያልቅ፣ ወለዱ «ፍላት» ነው አሉኝ። ወለዱ 18 ሺህ፣ በጠቅላላ 118 ሺህ፣ በወር 9,833 ብር። ሸጋ ነው ብዬ ፈረምኩ። የነቃሁት በስድስተኛው ወር ነው። ዋናውን ብር ግማሽ መልሻለሁ፣ ወለዱ ግን አሁንም መቶ ሺውን እንዳለ እንደያዝኩ ይታሰባል! ባንክ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ባትነግረኝ ኖሮ ዛሬም አላውቅም።

ባንክ የምትሠራው፦ የአክስቱ ልጅ እኔ ነኝ። 18 በመቶው በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ኖሮ በወር 9,168 ብር ገደማ ይከፍል ነበር። ወለዱም በጠቅላላ ከ10 ሺህ ብዙም አይዘልም። 8 ሺህ ብር በአንዲት ቃል ሄደ። ግን ወንድሜ፣ ቁጥሩን ያወጣሁልህ በምን መሰለህ? በአልጀብራ ነው። እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር ነኝ።

የሒሳብ መምህሩ፦ ተባረኪ። ፍላትን ብቻ ብታስተምረው ነገ «የአገልግሎት ክፍያ» ብለው በሌላ ስም ይመጡበታል። ያኔ መነሻውን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚይዛቸው።

አንደኛ ዓመቷ፦ እኔ ኮርሱን አሁን እየወሰድኩ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ማትሪክስ ማባዛት እችላለሁ፣ ለምን እንደሚባዛ ግን አላውቅም። ለፈተና ሸምድደን እንገባለን፣ ስንወጣ የለም። ቢሆንም የባለሱቁ ሐሳብ ያስፈራኛል። የኑሮ ሒሳብ የሚባል ኮርስ ቢመጣ «የሰነፎች ሒሳብ» ነው የሚሉን። እስካሁን የሰማነው ያንሰናል?

የአዘዞው ባለሱቅ፦ ይበሉ! ኪስሽ አይጎዳ እንጂ።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። የኔታ ባሕረ ሐሳብ፣ የጾምና የበዓል ቀን ማውጫውን ቀመር፣ ያስቆጥሩን ነበር። 2018ን እንያዝ። 5500 ጨምሩበት፣ 7518 ይሆናል። በ19 ስትገድፉት፣ ማለትም አካፍላችሁ ቀሪውን ስትይዙ፣ 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ተዉት፣ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጣ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ጾመ ነነዌ የምትገባበት ቀን የሚገኘው ከመጥቅዑ ተነሥቶ ነው። ይሄ በቀሪ የሚሠራ ሒሳብ ሞዱላር አሪትሜቲክ እንደሚባል የሰማሁት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው። እኛ የጾም መግቢያ ስንቆጥር ነበር የመሰለን።

የሒሳብ መምህሩ፦ ጋሼ፣ ለእኔ መሰከሩልኝ።

የአዘዞው ባለሱቅ፦ የምን ላንተ! የኔታ በጾሙ ነው የጀመሩት፣ በቀመሩ አይደለም።

ባንክ የምትሠራው፦ እሱ እንኳ እውነቱን ነው።

የሒሳብ መምህሩ፦ እሺ፣ እዚች ላይ ተረታሁ። ውሉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ስምህን ሸፍነህ። ሰኞ ማትሪክሱን ትቼ በሱ እጀምርላቸዋለሁ። ካልኩለሱን ግን አልለቅም።

የአዘዞው ባለሱቅ፦ የአበዳሪውንም ማኅተም እሸፍነዋለሁ። ገና ሦስት ወር ይቀረኛል።